ሰባት ሹሩባ

ሳውዲ፣ ደማም ከተማ፣ አል ነኺል ከሚባለው ሰፈር በቤት ሠራተኛነት የገባሁ ዕለት ማዳም መጀመሪያ ያደረገችው ፀጉሬን መቁረጥ ነበር። ሻንጣዬን እንኳ ሳልፈታ ግቢው ውስጥ ካለው የቴምር ዛፍ ሥር አስቀመጠችኝና የወጥ ቤት መቀስ ይዛ መጣች። ለንጽህና ነው አለች። ቅማል የሚባል ነገር በራሴ ላይ አልነበረም። እናቴ ለመንገድ ብላ የሠራችኝ ሰባት ሹሩባ ነበር፤ መቀሱ ሰባት ጊዜ ሲዘጋ ቆጠርኩ። ማዳም ከመሬት ለቃቅማ በፌስታል ይዛው ገባች። የት እንደምትጥለው አልጠየቅኩም፤ ንዴቴን ዋጥ አድርጌ ወደታዘዝኩበት ሄድኩ።

እኔም የደበቅኳት ነገር ነበረኝ። ወሎ ውስጥ ሦስት ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። ደላላው «የተማረች ሠራተኛ አይወዱም» ብሎ ቅጹ ላይ አራተኛ ክፍል ብሎ ሞላልኝ። እኔም እንደ አራተኛ ክፍል ሆኜ ምንጣፍ መጥረግ ጀመርኩ።

የማዳምን ሴት ልጅ ግን ማታለል አልቻልኩም። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ መጽሐፏን ዘርግታ ታለቅሳለች። ሥዕሉን አየሁት፤ ፕሮቲን ነው፤ ሺህ ጊዜ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የሣልኩት። አፌ አላርፍ አለኝ። መስገጃው ላይ የነበረውን መቁጠሪያ አነሳሁና እያንዳንዷ ፍሬ አሚኖ አሲድ ናት አልኳት። ዓይነታቸው ሃያ ነው። ከአንዷ ቀጥሎ የትኛዋ እንደምትመጣ ሰንሰለቱ እንዴት እንደሚጠማዘዝና እንደሚታጠፍ ይወስናል፤ ሥራውን የሚሠራው ደግሞ በታጠፈበት ቅርፅ ነው። እንቁላል ሰብሬ መጥበሻ ላይ አፈሰስኩላት። ውሃ የመሰለው ነጭ ሆኖ ረጋ። «ሙቀቱ እጥፋቱን ፈታው፤ ብታቀዘቅዢውም አይመለስም» አልኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቷ በሌለችበት «አብላ» ትለኝ ጀመር፤ እዚያ አገር ሴት አስተማሪን የሚጠሩት እንዲህ ነው። ያን ስም ስሰማ ደስታዬን የት እንደማደርገው ይጠፋኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት የማዳም ፀጉር ይረግፍ ጀመር። ኾባር ከተማ ያለው ሐኪም ጊዜውን ጠብቆ ይመለሳል ቢላትም አላመነችም። በየማለዳው የመታጠቢያ ቤቱን ፍሳሽ ሳጸዳ ጭብጥ ሙሉ ረጅም ፀጉር ይወጣል። እሱን ቆሻሻ ውስጥ መጣል አልቻልኩም። በእኛ አገር የረገፈ ፀጉርና የተቆረጠ ጥፍር የትም አይጣልም፤ እናቴ ጠቅልላ ትቀብረው ነበር፣ እግር እንዳይረግጠው፣ ክፉ እጅ እንዳያገኘው። ፀጉር ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ነው፣ ሕይወት የለውም፤ ይህን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። ቢሆንም እጄ እሺ አላለኝም። በሶፍት እየጠቀለልኩ አልጋዬ ሥር ባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጥና ዓርብ ዓርብ ቴምሩ ሥር እቀብረው ነበር። ለእሷ ማሰቤ ነበር። የማዳሟ ፀጉር የተገኘባት ሠራተኛ በዚያ አገር ምን እንደሚደርስባት ስንት ጊዜ ሰምቼ፣ እንዴት እንደዘነጋሁት እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ቤቱ ቀስ በቀስ ተለወጠ። ማዳም እኔ ቀድሜ ካልቀመስኩ ምግብ አትነካም። በየክፍሉ ቁርኣን ተከፍቶ ይውላል። ልብስ ሳጥፍ ቀና ስል በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች፤ ደግሜ ስመለከት የለችም። ክፍሌ ደግሞ የእሷን ሻምፖ መሽተት ጀመረ። ቆርቆሮው መሆኑን እያወቅኩ፣ በገባሁ ቁጥር እሷ ቀድማኝ የገባች ይመስለኛል።

አንድ ቀን ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ከጣሪያ ልብስ አውርጄ ስገባ እውነትም ቀድማኝ ገብታ ነበር። አልጋዬ ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሩን ከየሶፍቱ ፈትታ አንሶላው ላይ በተርታ ደርድራዋለች። በአንድ እጇ ስልክ ይዛለች።

«ኤሽ ሃዳ?» አለች በቀስታ። ምንድነው ይሄ?

«ማዳም፣ ወላሂ ሲህር አይደለም» አልኩ። ድግምት የሚለውን ቃል ከእሷ በፊት ያነሳሁት እኔው ሆንኩ። ጣቷ ወደ ስልኩ ሲሄድ አየሁ። እስር ቤቱ ታየኝ፤ ከዚያ የሚከተለውንም አሰብኩ።

ልጅቱ ድምፃችንን ሰምታ መጣች። «ዩማ» ብላ እናቷን ጠራች። «ለትምህርት ቤቴ ነው። አብላን ሰብስቢልኝ ያልኳት እኔ ነኝ» አለች። እየዋሸችልኝ ነበር።

«አብላ?» አለች ማዳም፤ አንዴ እሷን አንዴ እኔን እያየች። ከዚያ ተነሳች። «እሺ፣ አሳዩኝ።»

ወጥ ቤት ገባን። ብርጭቆ ውስጥ በረኪና ቀዳሁና አንዱን ጭብጥ ጨመርኩበት። በዚያች ወጥ ቤት ውስጥ በለመድኳት ዓረብኛ አስረዳሁ፦ ፀጉር እርስ በርሱ የተገመደ ሰንሰለት ነው፣ ገመዱን አጥብቆ የያዘው ድኝ ነው፣ በረኪናው ማሰሪያውን ይበጥሰዋል። ፀጉሩ ላይ ትንንሽ አረፋ ወጣ። ተንቀሳቀሰ፣ ቀጠነ፣ ገረጣ፣ ተበጣጠሰ። ቆይቶ ብርጭቆው ውስጥ ፈሳሹ ብቻ ቀረ። ሙከራው ስለሠመረልኝ፣ እፍረት የለኝም፣ ፈገግ አልኩ። ቀና ስል የማዳምን ፊት አየሁ።

«ወይን ራሕ?» አለች። የት ሄደ?

«ማፊ፣ ማዳም። ኸላስ» አልኩ። የለም፣ አለቀ። በአስተማሪነት ዘመኔ እንደዚያ ያለ መጥፎ መልስ ሰጥቼ አላውቅም። የገዛ አካሏን እፊቷ አጥፍቼ መሳቄ ነበር።

ስልክ አልደወለችም። ኹሩጄን፣ የመውጫ ወረቀቴን፣ በሳምንት ውስጥ አስጨረሰች። በዚያ ሳምንት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አልተናገረችኝም፤ ምግብ ሲወጣ ለእኔ ያስቀደመችበት ጊዜም ነበር። ልታስከፋኝ እንደፈራች ገባኝ። መፈራት እንዲህ የሚያስጠላ መሆኑን አላውቅም ነበር። ልጅቱን ወደ እኔ አላስጠጋቻትም፤ ሳልሰናበታት ወጣሁ።

አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ያደረሰኝ የቤቱ ሾፌር የታሸገ ፖስታ ሰጠኝ። ፓስፖርቴ አለ። ከሥሩ በሶፍት የተጠቀለለ ነገር ነበር። ፈታሁት። የእኔ ሹሩባ ነው፤ እያንዳንዱ በሁለቱም ጫፍ በነጭ ክር ታስሯል፤ እንደ ማዳም ቁምሳጥን የዑድ ዕጣን ይሸታል። ክፉ እንዳልሠራባት መያዣ አድርጋ ሁለት ዓመት ሙሉ አስቀምጣዋለች። ለካ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትፈራኝ ነበር። አንድ ጣሪያ ሥር አንዳችን የሌላችንን ፀጉር ደብቀን ኖረናል።

በመቀስ የተቆረጠ ፀጉር ሥር የለውም። የሰው ዘረመል በደንብ የሚገኘው ሥሩ ላይ ነው፤ የቀረው የሞተ ፕሮቲን ነው፣ ማንም ምንም ሊያደርግበት አይችልም። ይህንን ለስንት ክፍል ተማሪ አስረድቻለሁ። የቆሻሻ መጣያው አጠገቤ ነበር። እኔ ግን ወንበር ላይ ተቀምጬ ጉልበቴ ላይ ደርድሬ ቆጠርኩት። ፖስታውን ገልብጬ አራገፍኩና እንደገና ቆጠርኩ። በረራው ሲጠራ ሁሉ እየቆጠርኩ ነበር።

ስድስት ነው።