የጓደኛዬ አባት በሌላ ሰው ስም

ባለፈው ሳምንት ከመናኸሪያ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ወለል ላይ እርጥብ ገረባ ተጣብቆ ነበር። የተቃመ ጫት በሙቀት ሲሻግት የሚያወጣው ኮምጣጣ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ «ወራጅ አለ» ብዬ መድረሻዬ ሳልደርስ ወረድኩ። ሾፌሩ ግራ ገባው። እኔን ያቅለሸለሸኝ ግን ገረባው ብቻ አልነበረም።

ከዓመታት በፊት ኮሌጅ ጨርሼ እዚሁ ጭሮ አንድ ጫት ነጋዴ ቢሮ ውስጥ በኮምፒውተር ሥራ ተቀጥሬ ነበር። ቢሮው ከጫት ማሸጊያው በላይ ነው። ጠዋት የትኩስ ቅጠል ሽታ በመስኮት ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ ያው ቅጠል ከታች እየበሰበሰ ይከረፋል። ነጋዴው ለድርጅቱ ድረ ገጽ አሠርቶ ነበር፤ ዋናው ገጽ ላይ ያለው የእሱ ፎቶና ስልክ ቁጥር ብቻ ነው። የሚጎበኘው የለም። እኔና ጓደኛዬ እሱን አስፈቅደን እዚያው ድረ ገጽ ውስጥ አንድ ፎልደር ላይ ብሎግ ከፈትን። አድራሻው የድርጅቱ ስም፣ ከዚያ እዝባር (/)፣ ከዚያ «ብሎግ» የሚል ነበር።

እኔ ማሽኑን አውቃለሁ፤ ጽሑፉ የእሷ ነው። አባቷ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ብሎጉን በጀመርንበት ዓመት ሞቱ። ከጻፈቻቸው ሁሉ በብዛት የተነበበው የእሳቸው ታሪክ ነበር። «አባቴ ከበደሳ ቡና ጭኖ ሲመጣ ከተማው መግቢያ ላይ ሦስቴ ክላክስ ያደርጋል፤ እናቴ ያን ስትሰማ የእግር ውሃ ትጥዳለች» ብሎ ይጀምራል። አረብ አገር ያሉ የጭሮ ልጆች ሳይቀሩ ከሥሩ አስተያየት ይጽፉ ነበር።

አንድ ቀን ነጋዴው «ሰው ሁሉ ጓዳ ድረስ ገብቶ የሚያነበው ነገር ሳሎን ይውጣ። ዋናው አድራሻ ላይ አድርጊው» አለኝ። ለጓደኛዬ ስነግራት «ወላሂ?» ብላ እጄን ይዛ ዘለለች።

ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ። መጀመሪያ ሁሉንም በፍላሽ ገለበጥኩ። ፋይሎቹን ከፎልደሩ አውጥቼ ዋናው አድራሻ ላይ አስቀመጥኩ፤ በየጽሑፉ ውስጥ ያሉትን ሊንኮች አስተካከልኩ፤ የድሮውን አድራሻ የሚከፍት ሁሉ ወደ አዲሱ እንዲሻገር አደረግኩ። ጓደኛዬ አጠገቤ ተቀምጣ የድሮ ሊንኮችን አንድ በአንድ እየሞከረች «ይሄም ከፈተ!» ትላለች። አንድም አልጠፋም። እንደዚያ ቀን በእጄ ሥራ ኮርቼ አላውቅም።

በማግስቱ ነጋዴው መጥቶ ከወንበሬ ኋላ ቆመ። ጉንጩ በጫት ተወጥሯል።

«ከጽሑፎቹ ሥር ያለውን ስም የእኔ አድርጊው።»

«ጋሼ፣ እሷ ናት እኮ የጻፈችው።»

«ድረ ገጹስ የማን ነው? የማትታወቅ ልጅ ስም ደንበኛ ያመጣል?»

ሲናገር አረንጓዴ አረፋ ከአፉ ተፈናጥቆ ስክሪኑ ላይ አረፈ። በመዳፉ ሲጠርገው ጭራሽ ተለቀለቀ። እኔም ስሙን ለወጥኩት። አልተከራከርኩም፣ ተነስቼ አልወጣሁም። ጽሑፎቹን በሙሉ መርጬ አንዴ ተጫንኩ። ዛሬ ሳወራው እንኳ ምራቄ ይመረኛል።

ለጓደኛዬ አልነገርኳትም። የነገሯት ሂርና ያሉት አክስቷ ናቸው። የድሮውን ሊንክ በስልካቸው ሲከፍቱ የወንድማቸው ታሪክ ከነጋዴው ፎቶ ሥር መጣላቸው። «አባትሽ ከመቼ ወዲህ ነው የዚህ ሰውዬ አባት የሆነው?» ብለው ደወሉላት። ያ የለፋሁበት ማሻገሪያ በትክክል ሠርቶ ነበር።

ቢሮ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ማነው የነካው?»

«እኔ።»

«አባኮን፣ አባቴን፣ ለዚህ ሰውዬ ሰጠሽው?»

ነጋዴው ሰምቶ ከውስጠኛው ክፍል ወጣ፤ ሳቀ። «አባት ያው አባት ነው፤ ምን ልዩነት አለው?» አለና የተቃመውን ከአፉ አውጥቶ ወደ ቅርጫቱ ወረወረ። ስቶ ከጫማዋ አጠገብ ወደቀ። ጓደኛዬ መሬቱን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች፣ ከዚያ ሄደች። እሱን ዞር ብላም አላየችው።

ያን ቀን ጽሑፎቿን በሙሉ ከድረ ገጹ አጥፍቼ ከሥራ ወጣሁ። ፍላሹን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። እናቷ በሩን ገርበብ አድርገው ተቀበሉኝና «ደህና ናት፣ አልሃምዱሊላህ» አሉኝ፤ ግቢ ግን አላሉኝም። ታሪኩን የሰማ ሰው ነጋዴውን ይረግምልኛል። እኔም እጸየፈዋለሁ። ጣቱ ግን የእኔ ነበር፤ አንዳንዴ እጄን ስታጠብ ትዝ ይለኛል።

አምና የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሂርና ላይ ሲቆም በመስኮት አየኋት። ልጅ አዝላለች። ወርጄ ስሟን እየጠራሁ ተከተልኳት። ዞረች። ፊቷ ላይ ቁጣ ፈለግኩ፤ ምንም የለም። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን የተማርን፣ አንድ ነጠላ ለሁለት የለበስን ሰዎች ነን። ልስማት ስጠጋ ራቅ እንዳለች እጇን ዘረጋችልኝ።

«እንደምን ነዎት?» አለችኝ።