ለሣር ማጨጃው ግማሽ ሊትር ቤንዚን

ሰበታ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ የተሠራች አንዲት ሱቅ አለችኝ። ሥራዬ የተጣለ ሣር ማጨጃ ማሽን መጠገን ነው። ሰው ሲሰማ «ሣር በማሽን?» ብሎ ይስቃል። ይሳቅ! ቡራዩና ሱሉልታ አዲስ ቪላ በተሠራ ቁጥር ግቢው ውስጥ ሣር ይተከላል፣ ርካሽ የቻይና ማሽን ይገዛል፤ ማሽኑም አንድ ክረምት ሠርቶ ቀጥ ይላል። ዘበኛው ከዕቃ ቤት ጀርባ ይወረውረዋል፤ አለዚያም ለቁራሌው ይሸጠዋል። እየዞርኩ የምለቅመው እንግዲህ እኔ ነኝ። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ሳስጭን ረዳቶቹ የሕፃን ጋሪ አስመስለው ይቀልዱብኛል። «ወንድሜ፣ ልጁን የት ጥለኸው ነው ጋሪውን ብቻ የምትጭነው?»

ከሚጣሉት አብዛኞቹ አልሞቱም። ቤንዚኑ ውስጣቸው ከርሞ ካርቡሬተሩን ደፍኖት ነው። ፈትቶ ማጠብ፣ ካንዴላውን ማጽዳት፣ የበሰበሰውን ላሜራ መበየድ፣ በቃ። እኔን የሚያስቸግረኝ ስለቱ ነበር።

ኦቦን ያገናኘኝም ይኸው ስለት ነው። ስማቸውን እዚህ አላነሳም፤ ያኔም በኦሮምኛ «ኦቦ»፣ «አቶ» እንደማለት፣ ብቻ ነበር የምላቸው። በፉሪ በኩል የነበራቸው የጤፍ መሬት ለቤት መሥሪያ ተወስዶ፣ ጓሯቸውና አንዲት ላም ብቻ ቀርተዋቸው ነበር። አንድ ቀን በግራይንደር ስስል በር ላይ ቆመው አዩኝና አላስቻላቸውም።

«ኧረ ተው! ብረቱን አቃጠልከው እኮ! ማጭድ እንዲህ ነው እንዴ የሚሳለው?» ብለው ከእጄ ቀሙኝ።

በሞረድ ቀስ እያሉ ሳሉት። ከዚያ መሃሉ ላይ ባለው ቀዳዳ ምስማር ላይ ሰቀሉትና ያጋደለውን ወገን እንደገና ሞረዱት። ሁለቱ ወገን እኩል ካልመዘነ ማሽኑ ሲነሳ ይንቀጠቀጣል። እኔ ዓመት ሙሉ ያልገባኝን እሳቸው በአንድ ጠዋት ደረሱበት።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ መምጣት ጀመሩ። «አካም ቡልቴ፣ ልጄ?» ብለው እንዴት እንዳደርኩ ሲጠይቁኝ «ነጋ፣ ኦቦ»፣ ሰላም ነው፣ እላለሁ። ከሰሜን ከመጣሁ ብዙ ዓመት ቢሆነኝም ኦሮምኛዬ ከሰላምታ አይዘልም ነበር። የተጠገነውን ማሽን ከሱቁ ጀርባ ባለው ሣር ላይ የሚሞክሩት እሳቸው ናቸው። የታጨደውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቀው ለላማቸው ይወስዳሉ። ባለ ቪላዎቹ ሣሩን አጭደው እንደሚጥሉት ስነግራቸው ማመን አቃታቸው።

«ላም የሌለው ሰው ሣር የሚተክለው ለማን ነው?» አሉኝ። ለቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ።

ከዚያ አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የሚያሰፋው የማስተር ፕላኑ ነገር መጣ፤ ወጣቱ ተቃውሞ ወጣ። መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ እንደገና ይዘጋል። ሰው ሞተ ይባላል። ኦቦ ስለዚህ ነገር ብዙም አያወሩም፤ አንዴ ብቻ «የእኔ መሬትማ ፕላኑ ሳይመጣ ሄዷል» አሉ። አንድ ሰሞን መኪኖች ተቃጠሉና ፖሊስ በየመታጠፊያው ቆመ። ቤንዚን በጀሪካን መሸጥ ተከለከለ።

በዚያው ሰሞን ቡራዩ የእንግዳ ማረፊያ ያላት ሴትዮ ማሽኗን ለማግስቱ ፈለገች። ገጣጥሜ ጨርሻለሁ፤ ለመሞከሪያ ግን ጠብታ ቤንዚን የለኝም። ወትሮ የማመጣው እኔ ነበርኩ፤ ከማውቀው የባጃጅ ሹፌር እቀዳለሁ። የዚያን ቀን ግን ፈራሁ። ወጣቶቹ መንገድ ላይ ናቸው፤ ቋንቋዬን ሰምተው ቢይዙኝስ አልኩ።

«ኦቦ፣ አንቱ ቢሄዱስ? የአገሩ ሰው ነዎት፤ ማን ይነካዎታል?»

«ማን ይነካኛል» አሉና ባዶ የውሃ ሃይላንድ አንስተው ወጡ።

ወይ የእኔ ነገር! ወጣቶቹን ስፈራ ፖሊሱን ረሳሁት።

ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም፣ ሁለት ፖሊሶች መሃል አድርገው አመጧቸው። አንደኛው ቤንዚን ያለበትን ሃይላንድ እንደ እባብ ከራሱ አርቆ ይዞታል። መኪና ሊያቃጥሉበት ነው ብለዋቸዋል። ኦቦ ተረጋግተዋል።

«ለሣር ማሽኑ ነው አልኳችሁ። ይኸው ሱቁ። እሱን ጠይቁት» አሉ።

ፖሊሱ ወደ እኔ ዞረ። «ታውቃቸዋለህ? አንተ ነህ የላክሃቸው?»

ማሽኑ እግሬ ሥር ነው። የእሳቸው ሞረድ ጠረጴዛው ላይ ነው። «አዎ፣ እኔ ነኝ» ማለት ምን ይከብዳል? ግን የቤንዚኑ ጌታ እኔ ልሆን ነው። ልጆቼ ታዩኝ፣ ሱቄ ታየችኝ።

«ሲያልፉ አያቸዋለሁ» አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ኦቦ አየት አደረጉኝ። አልተቆጡም፣ ውሸታም አላሉኝም። ምነው በሰደቡኝ! «ላሜ ውሃ አልጠጣችም፤ ለቤቴ ሰዎች ንገሩልኝ» አሉ፣ ለእኔ ሳይሆን ለተሰበሰበው ጎረቤት። ከዚያ መኪና ላይ ጫኗቸው።

ሁለት ቀን ተኛሁ፤ ሚስቴን ሆዴን አመመኝ አልኳት። በሦስተኛው ቀን ጣቢያ ሄጄ፣ ቤንዚኑ የእኔ ነው፣ የላክኋቸው እኔ ነኝ አልኩ። ተረኛው መዝገቡን ገለጥ አድርጎ «ወደ ሌላ ቦታ ተወስደዋል» አለኝ። ወዴት? አያውቅም። «ያን ቀን ምነው ዝም አልክ?» ብሎኝ ወደ ሥራው ዞረ። ያን ያህል ፈርቼ፣ እኔን ማሰር እንኳ አላሰበም።

ማሽኑን ለሴትዮዋ አላደረስኩላትም። በማጭድ ሣር እያጨድኩ ለኦቦ ላም መውሰድ ጀመርኩ። ባለቤታቸው ምንም ሳይጠይቁ ይቀበሉኝ ነበር፤ ማወቅ አለማወቃቸውን ዛሬም አላውቅም። በኋላ ኦቦ የታሰሩበት ሲታወቅ ላሟም ለስንቅና ለመመላለሻ ተሸጠች።

ኦቦ የተፈቱት ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው። በጣም ከስተው ነበር። ቤታቸው ሄጄ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሱኝ።

«ተው፣ ልጄ። ልጆች አሉህ፤ ፈርተህ ነው» አሉ።

አለቀስኩ። ትንሽ ቆይቼ፣ እንደ ደንቆሮ፣ «ሞረድዎ እዚያው አለ፤ ነገ ይመጣሉ?» አልኳቸው።

«እኔ እንግዲህ ላም የለኝም» አሉኝ። «ሣሩ ምን ያደርግልኛል?»

አሁንም ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ጠዋት ጠዋት በሱቄ በር ነው መንገዳቸው። «አካም ቡልቴ?» ይሉኛል፣ «ነጋ» እላለሁ። አይቆሙም። ለፖሊሱ እንደነገርኩት ሆነ፤ ሲያልፉ አያቸዋለሁ።