ያልተሰፋው ጥግ

ሸራ ሰፊዋ ሥራዋን የምትሠራው መሬት ላይ ተቀምጣ ነው። የጭነት መኪና ሸራ ጠረጴዛ አይችለውም። አንዱን ጫፍ ጭኗ ላይ አድርጋ ስትጀምር የቀረው ክፍሉን ሞልቶ፣ በሩን አልፎ፣ ደጅ ካለው አስፋልት ዳር ይደርሳል። መዳፏ ላይ ባሰረችው የቆዳ ቁራጭ ወፍራሙን መርፌ ትገፋለች፤ በሰም የታሸውን ክር ጢጥ እስኪል ድረስ ትስበዋለች። አንዱን መስመር ስትጨርስ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ መልሳ ትደርበዋለች። የሰፋችው ሸራ ሌላው ገላው ያልቃል እንጂ ስፌቷ አይለቅም ይባላል።

ከግድግዳው ወዲያ ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ አለ።

"የአንቺን ምንጣፍ ያየ ሰው አዳራሽ ያለሽ ይመስለዋል፣ እታለም" ይላታል በበሩ ባለፈ ቁጥር።

"ግባ፤ ግን እጅህን ታጠብ" ትለዋለች ቀና ሳትል።

ቀልዳቸው ይኸው ነው። አርጅቷል፤ ግን አልተቀደደም።

ባሏ በሕይወት ሳለ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ጓደኞቹ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚነዳ ጉጉት ይሉት ነበር። የሚያመላልሰው ለአንድ ትልቅ መደብር መጋዘን ነበር። እዚያ እያንዳንዱ መኪና የመግቢያ ሰዓት ይሰጠዋል። ሰዓቱ ካለፈ መደብሩ ባለመኪናውን ይቀጣል፤ ባለመኪናው ቅጣቱን ከሹፌሩ ደሞዝ ላይ ያነሱታል። ሹፌሩስ ከየት ያነሳዋል? ከእንቅልፉ።

ጉጉት አንድ ዘዴ ነበረው። ጋቢናው ጀርባ ያለውን የሸራ ጥግ አያስረውም። መኪናው ፍጥነት ሲያገኝ ያ ጥግ የጋቢናውን ጀርባ ጧ፣ ጧ እያደረገ ይመታል፤ ዓይኑ መከደን ሲጀምር ያባንነዋል።

"እቤት ሚስቴ ትጨቀጭቀኛለች፤ መንገድ ላይ ደግሞ የሰፋችው ሸራ" ይል ነበር ለጓደኞቹ። እሷም ትሰማዋለች፤ እንዳልሰማች ሆና ፈገግ ትላለች።

አንድ ክረምት በዚያ ጥግ ዝናብ ገብቶ ካርቶኖች ረጠቡ። የመደብሩ ዕቃ ተቀባይ ለረጠበውም ሌላ ቅጣት ጨመረ። ባለመኪናው ሸራውን አስወርደው ላኩላት፤ ያቺ ጥግ የማሰሪያ ቀለበት ገብቶላት እንድትሰፋ፣ ዳግመኛም እንዳትከፈት። ባሏ በሩ ላይ ትከሻውን አስደግፎ ቆሞ ስትሰፋ ያያት ነበር።

"አጥብቀሽ ስፊው፤ ጋሼ ተቆጥተዋል" አላት። ቆየት ብሎ ሳቅ እያለ፣ "አሁን ማን ሊቀሰቅሰኝ ነው?" አለ።

"ማስቲካ አኝክ" አለችው፤ ክሩን በጥርሷ በጥሳ።

ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ነው የሞተው። መታጠፊያ የለ፣ ገደል የለ፣ ከፊቱ የመጣ መኪና የለ። አስፋልቱ ላይ የፍሬን ምልክት እንኳ አልተገኘም። ለቅሶ ላይ የመጡት ሹፌሮች ምን እንደሆነ ሁሉም ገብቷቸዋል፤ አንዳቸውም ግን እንቅልፍ የሚለውን ቃል በፊቷ አላነሱም። እሷም አላነሳችም። ማስቲካ የሚለውን ቃል ግን ከዚያ ወዲህ ሱቅ ውስጥ እንኳ ስትሰማው ጣቷን መርፌ እንደወጋት ሰው ትሆናለች።

ድምፁ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። ሌሊት አይደለም፤ ሌሊትማ ትተኛለች። ቀትር ላይ፣ ነፋስ በሌለበት፣ መንገዱ ላይ አቧራ እንኳ ሳይነሳ፣ ከደጅ ጧ ይላል። መጀመሪያ አካባቢ ወጥታ ታይ ነበር። የተሰጣ ሸራ የለም። ጎሚስታውን "አንተ ነህ?" ትለዋለች፤ "ምኑ?" ይላታል። ኋላ ኋላ መውጣቱን ተወች። ድምፁ ሲመጣ መርፌዋን ታቆማለች፤ እስኪያልፍ ትጠብቅና ትቀጥላለች።

ዓመታት አለፉ። አንድ ጠዋት አንድ አዲስ ሹፌር የታጠፈ ሸራ በትከሻው ተሸክሞ መጥቶ እግሯ ሥር ዘረገፈው። ልጅ እግር ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል፤ ሲያዛጋ እንኳ አፉን ለመሸፈን አቅም ያጣል።

"እትዬ፣ ጋሼ ልከውኝ ነው። ሦስት አራት ቦታ ተቀዷል። ቶሎ ካላደረስሽልኝ ቅጣቱ በኔ ነው።"

"ትናንት ተኝተሃል?"

"መተኛት? እሱን ጡረታ ስወጣ ነው የማስበው።"

ልጁ ሄደና ሸራውን መዘርጋት ጀመረች። ቀለሙ ለቋል፤ በየቦታው ሌላ ሰው የጣፈው እራፊ አለበት። ጥጉ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። ሌላው ሁሉ ሳስቶ ሲያበቃ ያቺ ጥግ ብቻ እንደ ትናንት ሥራ ጠንክራ ቆማለች። ስፌቱ መጨረሻ ላይ ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሷል። ቆጣቢ ናቸው ባለመኪናው። ከተገለበጠው መኪና ላይ የተረፈውን ሸራ አልጣሉትም፤ አጥበው ሌላ መኪና ላይ አልብሰውታል።

ቀኑን ሙሉ ቀዳዳዎቹን ስትደፍን ወደዚያች ጥግ አላየችም። ሥራው አለቀ፤ መርፌዋን ክሩ ኳስ ላይ ሰካች፤ ልትነሳ ከጅላ መልሳ ተቀመጠች። ምላጭ አነሳች። የራሷን ስፌት አንድ በአንድ፣ ሌላ ሰው የሰፋውን እንደምትፈታ ቀስ ብላ ቆረጠችው። ጠንክሮ አስቸገራት። ቀለበቱን አውጥታ ኪሷ ከተተች። ልጁ ሲመጣ አጥፋ ሰጠችው፤ እሱም ሳያየው ተሸክሞት ሄደ።

ሳምንት ሳይሞላ ባለመኪናው ራሳቸው መጡ። ከኋላቸው ልጁ ሸራውን ተሸክሟል። ጎሚስታው ጎማውን ትቶ በሩ ላይ ተደገፈ።

"ደህና ዋልሽ" አሉ ባለመኪናው። "ይሄ ልጅ ሳይነጋ መግባት የነበረበትን ጭነት ፀሐይ ከወጣች በኋላ አስገባ። መደብሩ ቀጣኝ። እሱን ስጠይቀው ሸራ ሰፊዋን ይጠይቁ ይላል።"

"እትዬ፣ አትቀየሚኝ" አለ ልጁ መሬት መሬት እያየ። "ጥጉ እየተመታ አላስነዳ አለኝ። ወርጄ እንዳላስረው ቀለበት የለውም።"

ባለመኪናው ጎንበስ ብለው ጥጉን አነሱና በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

"ይሄ አልተቀደደም። በምላጭ ነው የተቆረጠ። ማን ነው የቆረጠው?"

"እኔ ነኝ" አለች።

"አንቺ? ስፊ ብዬ ሰጥቼሽ ትቆርጫለሽ?"

"የማን ሸራ እንደሆነ ረስተውታል፣ ጋሼ?"

ባለመኪናው ሸራውን ከእጃቸው ለቀቁት። ጎሚስታው አሮጌ ጎማ ገፋ አደረገላቸውና ተቀመጡበት። ሲቀመጡ ጉልበታቸው ቀጭ አለ።

"ሸራ ሸራ ነው" አሉ ባለመኪናው፤ ድምፃቸው ግን ወርዷል። "እኔስ ምን ላድርግ? መደብሩ እኔን ይቀጣል። መንገድ ተዘጋ ብለው አይሰማም፣ ጎማ ፈነዳ ብለው አይሰማም፤ መደርደሪያዬ ባዶ ሆነ ነው የሚለኝ። እኔ ማንን ልቅጣ? መንገዱን? ዝናቡን? ቅጣቱ አንድ ሰው ላይ ማረፉ አይቀርም።"

"ሁልጊዜ ታች ያለው ላይ" አለ ጎሚስታው።

"አንተ ጎማህን ንፋ።"

ልጁ ጉሮሮውን ጠረገ። ፊቱ ተለዋውጧል። አሁን ገና ነው ሸራው የማን እንደነበረ የገባው፤ የጉጉትን ታሪክ የማያውቅ ሹፌር የለም።

"ጋሼ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ተኝቼ ነበር።"

"ምን አልክ?"

"መሪው ላይ። እየነዳሁ። ሕልም ሁሉ አይቻለሁ። እናቴ በር ስታንኳኳ። ከዚያ ጀርባዬ ላይ ጧ ሲል ባነንኩ። ስነቃ መኪናው ግማሹ ከአስፋልት ወጥቷል። መልሼ አቆምኩና እዚያው ጋቢናው ውስጥ ተኛሁ። ያረፈድኩት ለዚያ ነው። ሸራው ምንም አላደረገኝም።" ወደ እሷ ዞረ። "ቅጣቱን ፈርቼ ነው ባንቺ ያሳበብኩት፣ እትዬ።"

ባለመኪናው ተነሱ።

"እንግዲያው እንዲህ ይሁን" አሉ፤ እንደ መለማመጥ አድርጎአቸው። "አሁን፣ እዚሁ፣ እኔ እያየሁ ስፊው። ቅጣቱን እኔ እውጠዋለሁ፤ አንቺም አትከፍዪም፣ ልጁም አይከፍልም። ካልሆነ ግን እስኪያልቅ ድረስ ከምትሰፊልኝ ሥራ ላይ አነሳዋለሁ። ዝናብ መጣ እኮ። ካርቶን ቢርስ ደግሞ ሌላ ቅጣት ነው።"

የሚያስማማ ነገር ነበር የተናገሩት፤ እሷም አውቃለች። ጥጉን ጭኗ ላይ ሳበች። ቀለበቱን ከኪሷ አወጣች። መርፌውን ከኳሱ ነቀለች፤ ክሩ አልፎበት ተዘጋጅቷል። ልጁ በሩ ላይ ትከሻውን አስደግፎ ቆሞ ያያታል። ልክ እዚያው ቦታ፣ ልክ እንደዚያ።

ጧ አለ ከደጅ።

እሷ ቀና አላለችም። ልጁ ግን ዞር አለ።

"ነፋስ ነው?"

"የምን ነፋስ?" አለ ጎሚስታው። ፊት ለፊት ገመድ ላይ የተሰጣው ያንድ ሰው ሸሚዝ ንቅንቅ አላለም።

መርፌውን ኳሱ ላይ መልሳ ሰካችው።

"በኔ ላይ ይሁን፣ ጋሼ።"

"አይሆንም" አለ ልጁ። "የተኛሁት እኔ ነኝ። እኔ እከፍላለሁ።"

"ዝም በል አንተ። የቆረጥኩት እኔ ነኝ አላልኩም?" አለችው።

ባለመኪናው አንዴ እሷን አንዴ ልጁን አዩ። "በዕድሜዬ ሰው ቅጣት ሲሻማ አይቼ አላውቅም" አሉና ወጡ። ደጁ ላይ ቆም ብለው፣ ጀርባቸውን እንደሰጡ፣ "ያኔ ስፊ ያልኩሽ እኔ ነኝ" አሉ። ይህን ብለው ሄዱ። ቅጣቱን ግን አልተዉላትም፤ ያን ክረምት የባለመኪናውን ሸራ ሁሉ በነጻ ሰፋች።

ልጁ ሸራውን ከመውሰዱ በፊት አንድ ነገር አደረገችበት። ከጥጉ በታች፣ ከውስጥ በኩል፣ መዳፍ የምታክል ሸራ ሰፋችለት። ላይኛው ጥግ እንደፈለገ እየተመታ ዝናቡ ከታችኛው አያልፍም። ትንሽ ሥራ ነበር፤ ክሩን ሰም እስክትቀባው የፈጀባትን ያህል እንኳ አልፈጀባትም። ስትጨርስ ያቺን ቁራጭ እያየች ብዙ ተቀመጠች። ያኔ ለምን አልታያትም? ቁራጩ ቤት ውስጥ ሞልቶ ነበር። ባሏ በሩ ላይ ቆሞ ማን ሊቀሰቅሰኝ ነው ሲላት፣ ቁራጩ ከእግሯ ሥር ነበር። ከድምፁ ይልቅ ይህ ነገር ነው ዛሬም ከሥራዋ የሚያስቆማት።

ቅጣቱ ተከፍሎ ካለቀም በኋላ ልጁ አልጠፋም። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ጭነት እንደ ያዘ፣ መኪናውን ከደጇ ፊት ለፊት አቆመ። ወርዶ ሰላም ይላታል ብላ ጠበቀች። አልወረደም። ጎሚስታው ሄዶ በመስኮቱ አየና ተመለሰ።

"ጋቢናው ውስጥ ተጋድሞ ያንኮራፋል። ልቀስቅሰው እንዴ? ሰዓቱ ያልፍበታል።"

"ተወው፤ ይተኛ።"

"ቅጣቱንስ ማን ሊከፍለው ነው?"

"እሱን ሲነቃ እንነጋገራለን።"

ጎሚስታው ራሱን እየነቀነቀ ወደ ጎማው ሄደ። እሷም መርፌዋን አነሳች። ፀሐዩ ቀጥ ብሏል፤ የመንገዱ አቧራ አልተነሳም። ከቆመው መኪና ላይ ጥጉ ጧ አለ።

ሸራ ሰፊዋ ቀና አለች። ከብዙ ዘመን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መለሰችለት።

"ዝም በል" አለች ቀስ ብላ። "ልጁን ትቀሰቅሰዋለህ።"