ሳያይ የማያጠፋው ሰውዬ

ቃሊቲ ባለው የክር ፋብሪካችን ፋይል የተያያዘበት ኢሜይል መግባት ካቆመ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ሊያስተካክል የመጣው ሰውዬ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ክርኑ የሳሳ ግራጫ ኮት ለብሷል፣ መነጽሩን በከረባቱ ጫፍ ይወለውላል። ችግሩን ከምሳ በፊት ደረሰበት። የቫይረስ ማጣሪያው ሳይታደስ ቆይቶ፣ ፋይል ያለበትን ሁሉ እየጠረጠረ ይይዝ ነበር። ሲያስተካክለው የተያዙት ሁለት መቶ አርባ መልእክቶች ፊቱ ተደረደሩ።

የቢሮው ጸሐፊ ነኝና ምሳዬ አምልጦኝ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር።

“ወንድሜ፣ ባንዴ አጥፋቸውና እንሂድ” አልኩት።

“አይ እህቴ፣ አንድ በአንድ እያየሁ ልልቀቃቸው።”

የእያንዳንዱን ላኪ ስም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያነባል። ለምን እንደሚደክም ስጠይቀው ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ መለሰልኝ።

“በኤርትራ ጦርነት ጊዜ ሌላ መሥሪያ ቤት ስሠራ እንዲህ የተያዘውን ሳላይ ደመሰስኩ። በኋላ የጠፋውን ዝርዝር ባነብ አንዱ ርዕስ ላይ የባለቤቴ ስም አለበት። ነፍሰ ጡር ሆና ነበር ወደ ቤተሰቦቿ ወደ አስመራ የላኳት። የልጃችንን ፎቶ ልካልኝ ኖሯል።”

“መልሰህ አልጻፍክላትም?”

“ጻፍኩ። የተዋሰችው የሰው አድራሻ ነበር መሰለኝ፣ መልእክቴ ሳይደርስ ተመልሶ መጣ። እሷ ግን ደርሶት ዝም አለኝ ብላ ይሆናል።”

አሥር ሰዓት ላይ ጨረሰ። ቫይረስ የተገኘባቸው ዘጠኝ ብቻ ነበሩ። በሩ ድረስ ሸኘሁትና፣ ይቅርብኝ እያልኩ ጠየቅኩት።

“ልጁ ወንድ ነው ሴት?”

“አላወቅኩም” አለ። “ዝርዝሩ ላይ የፎቶው ስም ‘ልጅህ’ ብቻ ነው የሚለው።”