ሳጥኑን የከፈትኩ ዕለት

ባለፈው ቅዳሜ ከጎብዬ ወደ ቆቦ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ጭኗ ላይ የተበሳሳ ካርቶን ይዛ ነበር። ከውስጡ የጫጩት ድምፅ ይሰማል። ክንዴን አሳልፌ መስኮቱን ከፈትኩት።

“እማማ፣ ይበርዳቸዋል እኮ” አለች።

በሰኔ፣ በራያ ቆላ፣ በስምንት ሰዓት! ካርቶኑን ወደ ነፋሱ አዞርኩላት። ረዳቱ አቧራ ገባ ብሎ ሲያጉረመርምም አልዘጋሁትም። ብዙ የማልናገር ሰው ነኝ፤ በዚህ ጉዳይ ግን ከማንም ጋር እጣላለሁ።

ትምህርት ቤት የገባሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው። አባታችን ሲሞት ታናናሾቼን የማሳደግ ነገር በእኔ ላይ ስለወደቀ፣ ፊደል የቆጠርኩት እነሱ ከቆጠሩ በኋላ ነው። በአሥራ ስምንት ዓመቴ አራተኛ ክፍል ነበርኩ። አብረውኝ የሚማሩት ሕፃናት “እትዬ” ይሉኛል፤ ላጲስ ሲጠፋባቸው አፋልጊን ብለው ወደ እኔ ይሮጣሉ። ቤቱን የሚያስተዳድረው ታላቅ ወንድሜ ሰይድ ግን ትምህርቴን አንድ ቀን ወዶት አያውቅም። ማሽላው ሲታረም፣ ወፍ ሲጠበቅ፣ “እሷ ደብተሯን ታቅፋ ትቀመጥ” ይላል፤ ከማንም እኩል እያረምኩ።

ያን ዓመት ክረምቱ ሳይገባ ከግብርና ቢሮ ለሴቶች ከተፈለፈለ አንድ ቀን የሆነው ጫጩት ታደለ። ከመንደራችን ትልልቅ ሴቶች ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ስለነበርኩ ሠላሳ ጫጩት፣ አንድ የእንጨት ሳጥንና አንድ ገጽ መመሪያ ለእኔ ተሰጠኝ። ሰይድ ሳጥኑን ዞሮ ዞሮ አየው።

“እናት የሌለው ጫጩት?”

“ሳጥኑ ነው እናታቸው። ወረቀቱ እንደዚያ ይላል።”

“ይሁና! ወረቀትሽ ካሳደጋቸው ትማሪያለሽ። ካለቁ ግን፣ ወላሂ፣ ደብተሩን ለኔ ታስረክቢያለሽ። መስከረም ላይ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር እንዳልሰማ።”

“እሽ” አልኩ። ምን ያስፈራኛል? ወረቀቱ በእጄ ነው።

ዶሮ ያለበት ቤት ነው ያደግሁት፤ ጫጩት ማሳደግ ግን የእናቲቱ ሥራ ነበር። የእኛ ድርሻ ጭልፊት ሲያንዣብብ መጮህ ነው። ስለዚህ መመሪያውን ደጋግሜ አነበብኩ። በሳጥኑ ውስጥ ዙሪያውን የጤፍ ጭድ ይጠቅጠቅ፤ ክዳኑ ሁልጊዜ ይዘጋ፤ ውኃ ጠዋትና ማታ ይሰጥ። በስንት መከራ ባገኘሁት ፊደል የተጻፈን ነገር እንዴት ልጠራጠር? ጭዱን በጣቴ እየወጋሁ ነፋስ የሚገባበት ክፍተት አላስቀረሁም። እኛ ቤቱ አላስቀምጥ ብሎን ከግራሩ ጥላ ሥር ተዘርግተናል። ውሻው ምላሱን አውጥቶ ያለከልካል። ጫጩቶቹ ግን እንዳይበርዳቸው ተከድነዋል።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ክዳኑን ሳነሳ የታፈነ ወበቅ ፊቴን መታኝ። ሰባቱ ሞተዋል። የቀሩት ጥግ ጥጉን ተለጥፈው፣ ክንፋቸውን አንጠልጥለው፣ አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ። ውኃው ደርቋል።

ሰይድ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ። እጁን ዘረጋ።

“አምጭው።”

“ሃያ ሦስት አሉ።”

“የነሱም ነገር አልቋል። ደብተሩን አምጭ!”

“ካለቁ ነው ያልከው። አላለቁም።”

“አንች ልጅ፣ ከኔ ጋር ትሟገቻለሽ?”

“አንድ ወረቀት ስለተሳሳተ እኔ ትምህርት አልተውም!”

እንዲህ ጮክ ብዬ ስናገር ራሴን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ደብተሩን በሁለት እጄ ደረቴ ላይ ያዝኩ። እጁን ሰብስቦ እየተራገመ ሄደ።

ጭዱን እየዘገንኩ አወጣሁት። ክዳኑን ነቀልኩ። ሳጥኑን ወደ ግራሩ ጥላ ጎትቼ፣ ከፍ አድርጌ እርጥብ ጆንያ ወጠርኩበት። ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ጫጩቶቹ እንዳይሰጥሙ ጠጠር ደርድሬ ውኃ ሞላሁ። ከዚያ ደብተሬን ከፍቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሲሞቃቸው ይራራቃሉ፣ አፋቸው ይከፈታል። ሲበርዳቸው አንዱ በአንዱ ላይ ይወጣል፣ ጩኸታቸውም ይቀጥናል። ሲስማማቸው ተበትነው የሰጠኋቸውን የማሽላ ድቃቂ ይለቅማሉ። ያየሁትን ሁሉ ከነሰዓቱ ጻፍኩ። በመጨረሻም ከሥሩ አሰመርኩና “ቀን ክፍት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ክድን። ውኃ ሁልጊዜ” ብዬ የራሴን መመሪያ አሰፈርኩ።

በሳምንቱ የግብርና ቢሮው የልማት ሠራተኛ ጫጩቶቹን ሊያይ መጣ። ከደጋ አገር ተመድቦ የመጣ ወጣት ነው። ኮቱን ክንዱ ላይ ጥሎ ላቡን ይጠርጋል። ሳጥኑን ሲያይ ደነገጠ።

“ጭዱስ? ክዳኑስ? መመሪያውን አላነበብሽም?”

“አንብቤዋለሁ። ሰባቱ የሞቱት እሱን ስፈጽም ነው።”

“ስንተኛ ክፍል ነሽ?”

“አራተኛ።”

ሳቀ። “ታዲያ ባለሙያ የጻፈውን ልታርሚ ነው?”

“አንተስ ኮትህን ለምን አወለቅህ?”

ሳቁ ቆመ። ደብተሬን ተቀብሎ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና እስከ መጨረሻው አነበበው። “ገልብጠሽ ስጭኝ” አለ ሲነሳ። ገለበጥኩለት፤ አንድም ስርዝ የለበትም።

ከሃያ ሦስቱ አንዷን ጭልፊት ወሰዳት። የቀሩት አደጉ። መስከረም ትምህርት ሲከፈት ሰይድ በሩ ላይ ተቀምጦ እግሩን መውጫው ላይ ዘርግቶ ጠበቀኝ።

“ዶሮዎቹን ማን ያያቸዋል?”

“አንተ።”

“እንዴት አድርጌ?”

“ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጥፌልሃለሁ።”

ወደ ግድግዳው ዞሮ ወረቀቱን አየው። ፊደል እንደማይለይ በቤቱ ሁሉም ያውቃል፤ ማንም በአፉ አውጥቶት ግን አያውቅም። እኔም አላወጣሁትም። እግሩን ግን አልሰበሰበም። የታላቅን እግር መራመድ በእኛ ዘንድ ነውር ነው። ተራመድኩት።

ዛሬ ሁለታችንም አርጅተናል፤ በየበዓሉ እንጠያየቃለን። ዘመዶቻችን “ለደግሽ ብሎ እኮ ነው፤ ያን ቀን ስላዋረድሽው ይቅርታ ጠይቂው” ይሉኛል። ለደጌ ከሆነ እኔን አንድ ጊዜ ይጠይቀኝ ነበር። ሰባቱ ጫጩቶች የሞቱት በእጄ ነው፤ በወረቀትም በሰውም አላላክክም፤ እስከ አሁንም ይከነክነኛል። በሩ ላይ ስላደረግሁት ግን የምጠይቀው ይቅርታ የለኝም። ያ እግር ዛሬም ቢዘረጋ እራመደዋለሁ።