ጡሩምባ ነፊውና የእድራችን ታብሌት

ጋሽ ሙሄን በማለዳ በሩ ላይ ማየት የሚወድ ሰው ሰፈራችን ዶሮ ማነቂያ ውስጥ አልነበረም። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ በሰፈሩ እንደ እሳቸው ጨዋታ አዋቂ አላውቅም። ሥራቸው ግን የእድር ጡሩምባ መንፋት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ማን እንደሞተ የነገሩን እሳቸው ናቸው። ልጆች ሳለን ያቺን ጡሩምባ ስንሰማ ብርድ ልብሳችን ውስጥ ሆነን መጀመሪያ የቤታችንን ሰው እንቆጥር ነበር። እናቴ አለች፣ አባቴ አለ፣ ታናሽ ወንድሜ እያንኮራፋ ነው። ሁሉም መኖሩን ካረጋገጥን በኋላ ነው የሞተው ማን እንደሆነ ለመስማት ጆሯችንን የምናቆመው።

ከወሎ የመጡት በጎረምሳነታቸው ነው። ፒያሳ ውስጥ ዕቃ ሲሸከሙ ኖረው የቀድሞው ለፋፊ ሲያርፍ "ይሄ ድምፃም ወሎዬ ይሞክረው" ተባለና ጡሩምባዋ እጃቸው ገባች። እድራችን ክርስቲያኑም እስላሙም ያለበት ነው፤ ጋሽ ሙሄ ለሁሉም እኩል ይነፋሉ። "ሞት ራሱ ሃይማኖት አይጠይቅም፤ እኔ ምን ቤት ነኝ?" ይላሉ።

አነፋፋቸው ሥርዓት አለው። ሦስት ጊዜ ይነፋሉ፣ ውሻው ጩኸቱን እስኪጨርስ ዝም ብለው ይቆማሉ፣ ከዚያ ይናገራሉ። ተናግረውም አይሄዱም። ከውስጥ አንድ ሰው "ሰምተናል" ማለት አለበት። ያላለ ቤት በሩ ይንኳኳል፤ ካልተከፈተ ሌላውን ዞረው ተመልሰው ይመጣሉ።

ደመወዛቸው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። የሥራቸው ዋጋ ሌላ ነው። ወርሃዊ መዋጮ አይከፍሉም፣ ስማቸውም በእድሩ መዝገብ ላይ የለም። ውሉ በአፍ ነው፤ እሳቸው ለሁላችን ይነፋሉ፣ እሳቸው ሲሞቱ ደግሞ እድሩ ይቀብራቸዋል። ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች፣ ልጅ የላቸውም። እንግዲህ ያቺ ሥራ ከጠፋች ጋሽ ሙሄ ቀባሪ የላቸውም ማለት ነው። ይህንን ሁላችንም እናውቃለን፣ እሳቸውም ያውቃሉ።

ሰፈሩ ለልማት ሲነሳ ግማሹ ሰው ኮንዶሚኒየም ገባ፣ ግማሹ ወደ ከተማው ዳር ወጣ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል፤ የእኛ ጎረቤት ግን እሱም ሩቅ ሆነ። እድሩን ግን አላፈረስንም። ውቤ በረሃ አንድ ምግብ ቤት ጓሮ ውስጥ በወር አንዴ እየተሰበሰብን ቀጠልን። ጋሽ ሙሄም ጡሩምባቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ሁለት ሦስት ታክሲ እየቀያየሩ፣ በየኮንዶሚኒየም ሳይቱ መዞር ጀመሩ። አንድ ቀን አንድ ኮንዶሚኒየም አምስተኛ ፎቅ ላይ ሲነፉ የማያውቃቸው ሁሉ በረንዳ ላይ ወጣ። አንዱ ጎልማሳ ተቆጥቶ "አባት፣ ምንድን ነው የሚሸጡት?" አላቸው። "ሞት ነው፤ የእርስዎ ግን ገና ነው" ብለውት ወረዱ።

ይስቃሉ እንጂ ጉልበታቸው እያለቀ ነበር። አንዱ ቤት ደርሰው ሌላው ሳይደርሱ ቀብሩ ያልፋል። በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ሰው በጣት በሚቆጠር ቀባሪ ተቀበረ። የእድሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ረይሀና እባላለሁ፣ ቸርችል ጎዳና ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረልኝምና "ታብሌት እንግዛ" ብዬ ተነሳሁ።

ነገሩን ጭንቅላቴ ውስጥ የከተተው የወንድሜ ልጅ ሱፊያን ነው። ከሱቄ ዝቅ ብሎ ኤሌክትሮኒክስ ቤት ይሠራል፤ በዚያ ሰሞን አዲስ ታብሌት ወጥቶ ወሬው ሁሉ እሱ ብቻ ሆኖ ነበር። ቀጭን ነው፣ ሲም ይቀበላል፣ በእስክሪብቶ ይጻፍበታል፣ ባትሪው ሁለት ቀን ይቆያል። "አክስቴ፣ ይሄ እኮ ኮምፒውተር ነው። አባላቱን በሙሉ ታስገቢና አንዴ ስትነኪው መልእክቱ ሁለት መቶ ቤት ይደርሳል" አለኝ። እኔም አመንኩት።

ስብሰባው ላይ ግን እንዳሰብኩት አልሆነም። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ጎይቶም ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ብሬክ መያዝ ይወዳሉ።

"ስልክ እያለ ታብሌት ለምን?" አሉ። "ረይሀና ስልክ አላት። በስልኳ ትላክ።"

"የኔ ስልክ የኔ ነው፣ ጋሽ ጎይቶም" አልኩ። "ነገ ብታመም መዝገቡ አብሮኝ ሊተኛ ነው? ብሞትስ?"

"ያኔማ ሙሄ ይነፋልሻል።"

ሰዉ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ከዚያ ክርክሩ ጦፈ። አንዱ ያለፈው ዓመት ታብሌት በግማሽ ዋጋ አለ፣ ሥራው ያው ነው አለ። ሱፊያን ተነስቶ የአዲሱ ካሜራ ከዚያኛው እንደሚበልጥ አስረዳ። ጋሽ ጎይቶም "ካሜራው ምን ያደርግልናል? ሬሳ ልናነሳ ነው?" ብለው ቁጭ አደረጉት። እኔ ስለ ትልልቅ ፊደል፣ መዝገቡ ከጸሐፊ ወደ ጸሐፊ ስለ መተላለፉ ተናገርኩ። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነበር። ያልተናገርኩትም እውነት ነበር፤ ያንን የሚያብረቀርቅ ነገር ክንዴ ሥር ይዤ ስብሰባ መግባት አምሮኝ ነበር።

ጋሽ ሙሄ እንደ ልማዳቸው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። እጃቸውን አወጡ።

"አንድ ነገር ልጠይቅ። ያልሰማ ቤት ሲኖር ይሄ ዕቃ ተመልሶ ያንኳኳል?"

"ሰው ሲያየው ከመልእክቱ ሥር ሁለት ጭረት ይመጣል፣ ጋሽ ሙሄ" አልኳቸው። "ማን እንዳየ፣ ማን እንዳላየ ይታወቃል።"

"እሺ" አሉ።

አንዱ ከኋላ "ጋሽ ሙሄስ ታዲያ?" ሲል፣ ጋሽ ጎይቶም ጉሮሯቸውን ጠራርገው "እሱ ሌላ አጀንዳ ነው፤ መጀመሪያ ዕቃው ይሞከር" አሉ። ሱፊያን በራሱ ዋስትና ከአለቃው አንዱን ለሙከራ እንዲያመጣ ተወሰነ። ጋሽ ሙሄ ኮፍያቸውን አድርገው ከሁላችን በፊት ወጡ። ሳያቸው ቅር አለኝ፤ ቢሆንም ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበርና ቶሎ ረሳሁት።

መዝገቡን አንድም ሳልዘል አስገባሁ፤ ሙሉ ስም ከነአባት፣ የድሮ ቤት ቁጥር፣ አዲስ አድራሻ። በዚያ ሰሞን ጋሽ ሙሄ የሚሄዱበት ስለሌላቸው በየቀኑ ሱቄ እየመጡ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። "ዛሬ ሰላም ነው?" ይላሉ። "ሰላም ነው" እላለሁ። ሻይ ጠጥተው ይሄዳሉ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት የማላውቀው ሰው ደወለ። የወይዘሮ ሙሉዓለም ተክሌ አማች ነኝ አለኝ፤ የቤት ቁጥር ሰማንያ አራት የነበሩ፣ ሌሊቱን አርፈዋል፣ ቀብሩ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው አለ፤ ቤተ ክርስቲያኑንም ነገረኝ። ስሙን ታብሌቱ ላይ ፈለግኩ፤ አለ። በጥቁር ክፈፍ አሳምሬ ጻፍኩና ላክሁ። ድንኳን ጫኞቹን ደውዬ ላክሁ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ጭረቱ ይጎርፍ ጀመር። "ነፍስ ይማር፣" "ነፍስ ይማር፣" "ነፍስ ይማር።" ስልሳ ሰባ ሰው መለሰ። ኮራሁ። እኔም ነፍስ ይማር ብዬ ጻፍኩ። ከታችኛው ሰፈር የነበሩ የማላውቃቸው ሴት ይሆናሉ፣ የሚያውቋቸው ይቀብሯቸዋል ብዬ ወደ ፎቶ ኮፒዬ ተመለስኩ።

ሰባት ሰዓት አለፍ ሲል ጋሽ ሙሄ መጡ።

"ዛሬ ሰላም ነው?"

"አይ፣ አንድ ሰው አርፏል። ወይዘሮ ሙሉዓለም ተክሌ።"

"ሙሉዓለም?" ግንባራቸውን ቋጠሩ። "ማን ናት?"

"እንጃ። የቤት ቁጥር ሰማንያ አራት።"

"ልጄ፣ እኔ ቁጥር አላውቅም። በሩ ምን ዓይነት ነው?"

መዝገቡን ከመሳቢያ አወጣሁ። የድሮው ጸሐፊ በዳር በኩል "ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ" ብሎ በእርሳስ ጽፎበታል። አነበብኩላቸው።

ጋሽ ሙሄ በርጩማው ላይ ዝግ ብለው ተቀመጡ። "አረንጓዴ የቆርቆሮ በር" አሉ። "እማማ ቆሎ ናት።"

እማማ ቆሎ ትምህርት ቤታችን በር ላይ ቆሎ የሚሸጡ ሴት ነበሩ። ሳንቲም ይኑረን አይኑረን ሳይጠይቁ የዩኒፎርማችንን ኪስ ይሞሉልን ነበር። ስምንተኛ ክፍል የደረስኩት የእሳቸውን ቆሎ እየበላሁ ነው። የእኚያን ሴት ስም በእጄ ጻፍኩ፣ በጥቁር ክፈፍ አሳመርኩ፣ ከዚያ የሰው መታወቂያ ኮፒ ማድረግ ቀጠልኩ። ነፍስ ይማር ብሎ የመለሰውም ሁሉ እንደ እኔ የማያውቀውን ሰው ነፍስ ይማር ያለ መስሎታል። በቁሜ አፈርኩ። እንባዬ መጣና ደግሞ በራሴ ተናደድኩ።

ጋሽ ሙሄ አልወቀሱኝም። "ቀብሩ በስንት ሰዓት ነው?" አሉ።

"ዘጠኝ።"

"አሁን ስንት ነው?"

"ሰባት ተኩል።"

"ይሄ ዕቃ ድምፅ ይወስዳል?"

ቁልፉን ተጭኜ ያዝኩላቸው። ተቀምጠው መናገር አልቻሉም፤ ተነሱ። የመዝገቡን ስም ሳይሆን፣ እንደ ድሮው፣ ሰው የሚያውቀውን ስም ነበር የጠሩት።

"የዶሮ ማነቂያ ሰዎች፣ ስሙ። እማማ ቆሎ አርፋለች። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር። ኪሳችሁን የሞላችላችሁ እማማ ቆሎ። ቀብሯ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ነው። የሰማህ ሰምቻለሁ በል።"

ከዚያ ልክ በር ላይ እንደሚቆሙት ቆመው ጠበቁ። ድምፆች መምጣት ጀመሩ። "ሰምቻለሁ።" "ሰምተናል፣ ጋሽ ሙሄ።" አንዷ "እማማ ቆሎ? እሳቸው ናቸው እንዴ?" ብላ ማልቀስ ጀመረች። ጋሽ ሙሄ ጆሯቸውን ወደ መስታወቱ አስጠግተው እያንዳንዱን ድምፅ ለዩ፤ ያልመለሰውን በጣታቸው እየያዙ "ጎይቶም አልሰማም፤ ደውዪለት። ባለ ዳቦ ቤቱም አልሰማም" ይሉኝ ነበር። ሱቄን ዘግቼ፣ ታክሲ ውስጥም እየደወልኩ፣ አብረን ሄድን።

ስንደርስ ድንኳኑ ቀድሞናል፤ ሰው ነው ያልነበረው። ልጃቸው ከባሏና ከጥቂት የኮንዶሚኒየም ጎረቤቶች ጋር ቆማለች። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ሲል የእኛ ሰዎች ከየታክሲው ይወርዱ ጀመር። ጋሽ ጎይቶም በነጠላ ጫማ መጡ። ከመቶ በላይ ሆንን። ልጃቸው እያቀፈችን "ከጠዋት ጀምሮ መንገዱን ሳይ ዋልኩ፤ እናቴን የረሳችኋት መስሎኝ" አለችኝ።

በሚቀጥለው ስብሰባ ታብሌቱ ይገዛ ተባለ፤ አዲሱ ሳይሆን ያለፈው ዓመቱ። እኔው ነኝ ሐሳቡን የለወጥኩት። የሚያስፈልገን ድምፅ የሚወስድና ድምፅ የሚያሰማ ዕቃ ነው፤ ይህን ደግሞ ያኛውም ይችላል። ሱፊያን አኮረፈኝ። ጋሽ ሙሄ ሁለት ሳምንት ሱቄ እየተቀመጡ በየስሙ አጠገብ ሰው የሚጠራበትን ነገሩኝ፣ እኔ ጻፍኩ። ከመዝገቡ ስም ሲሶው ለእኔም አዲስ ነበር።

በዚሁ ስብሰባ ያ "ሌላ አጀንዳ" ተነሳ። ጡሩምባው ከቆመ የአፍ ውሉ ምን ይሁን? አንድ ሰው የጋሽ ሙሄን ድምፅ አንዴ ቀድተን ብናስቀምጠውስ አለ።

ብድግ አልኩ። "ድምፃቸው እየሠራልን እሳቸውን ልናሰናብት ነው?" አልኩ። "እኔ ያየሁትን ሁላችሁም አይታችኋል። እማማ ቆሎን ማን ቀበራቸው?"

ጋሽ ጎይቶም መሬት መሬት ሲያዩ ቆይተው "ሙሄ መዝገብ ላይ ይስፈር" አሉ። "መዋጮ ሳይከፍል፣ እንደ ማንኛችንም አባል። በአፍ የነበረው ይጻፍ።" ሁሉም እጁን አወጣ።

ታብሌቱን ከፍቼ መታወቂያቸውን ተቀበልኩ። መሐመድ እንድሪስ አሊ ይላል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንዳችንም አናውቀውም ነበር። ፊደሉን አስተካክዬ ጻፍኩና አሳየኋቸው።

"ምን ይላል?" አሉኝ።

አነበብኩላቸው።

"አጥፊው" አሉ።

"ጋሽ ሙሄ፣ መታወቂያው ላይ ያለው እኮ ነው።"

"አውቃለሁ፣ ልጄ። ግን መሐመድ እንድሪስ ሞተ ብትዪ ማን ይመጣል? ሙሄ ጡሩምባ ብለሽ ጻፊ።"