ቦታውን የለወጥኩት ጭብጨባ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ ንስሐ አባቴ ፊት ስቀርብም ዘልዬዋለሁ። ዕድሜዬን በሬዲዮ ጋዜጠኝነት የገፋሁ፣ ያላጣራሁትን ቃል አየር ላይ ላለማዋል የምጠነቀቅ ሰው ነኝ። በዚያ ዘገባም ውስጥ አንድ ሐሰተኛ ቃል የለም። የዋሸሁት በጭብጨባ ነው።

ምርጫው ሲቃረብ አንድ የምክር ቤት እጩ በገንዳ ውሃ ከተማ አዳራሽ ውስጥ ገበሬዎችን ሰበሰበ። መነጋገሪያው የሱዳን ድንበር ነበር፤ እጩውም ጦር እናመጣለን ብሎ ጀመረ። ከጎረቤቶቻቸው ጋር ከሽንፋ የመጡት ጋሽ ይርዳው ተነሡ። እሳቸው ከማዶ ካለ ሱዳናዊ ገበሬ ጋር በእኩል የሚያርሱ ሰው ናቸው፤ መሬቱ የሱዳናዊው፣ ትራክተሩ የእሳቸው። ልጃቸው መሳፍንት ትራክተሩን እየነዳ እዚያው ማዶ ይከርማል። በዚያ አገር ክረምት ከመግባቱ በፊት የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች አብረው ተቀምጠው የጠፋ ከብትና የተገፋ ማሳ ይዳኛሉ።

«ሰሊጡ ሳይሰበሰብ መተላለፊያውን እንዳትዘጉብን» አሉ። «ጠብ ካለም መጀመሪያ እኛን ሽማግሌዎቹን ላኩን። ጦር እናመጣላችኋለን ትላለህ። ጦሩ ማጭድ ይዞ ነው የሚመጣ?»

«እርስዎስ ቢሆኑ ማጭድ ከጨበጡ ስንት ዘመንዎ!» አለ ከኋላ አንዱ ጎረቤታቸው።

«እኔማ አርጅቻለሁ፤ አንተ ምን ሆነህ ነው?»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ፤ ከዚያ ረጅም ጭብጨባ ተከተለ። ጋሽ ይርዳው የሽንፋ መኪና እንዳያመልጣቸው ወዲያው ወጡ።

እጩው መልስ ሰጠ። «ድንበሩን ዘግተን ጦር እናስገባለን፤ ሕዝቡ ከእኛ የሚጠብቀው ይህንን ነው» አለ። ማንም አላጨበጨበም። አንድ ሰው ሲያስል ብቻ ተሰማ። እኔ መቅረጫዬን እንደያዝኩ ጭብጨባውን ጠበቅሁ፤ አልመጣም።

ዘገባው አጭር መሆን ነበረበት፤ ዝምታ ደግሞ በሬዲዮ የመሣሪያ ብልሽት ይመስላል። የጋሽ ይርዳውን ንግግር ቆርጬ አወጣሁ። የተጨበጨበላቸውን ግን አልጣልኩም፤ አንሥቼ ከእጩው ንግግር መጨረሻ ላይ ቀጠልኩት። ማን አዘዘኝ? ማንም። ፈርቼ ነው? አይደለም። ዘገባው እንዲያምርልኝ ፈለግሁ፤ ይኸው ነው። ያ ዝምታ ምን እንደነበር ጠፍቶኝ ነው? አልጠፋኝም። መልስ ነበር። ወደ ጦርነት እንወስዳችኋለን ለሚል መሪ መራጮቹ የሰጡት መልስ ነበር፤ እኔ ሰረዝኩት።

የሰሊጥ አጨዳ ሲጀመር መተላለፊያው ተዘጋ። ውሳኔውን ያስታወቁት ባለሥልጣን «የጠረፉ ሕዝብ አጨብጭቦ የጠየቀን ነው» አሉ። መሪዎች ብዙ ነገር አይተው ይወስናሉ፤ ያለ እኔ ዘገባም ሊዘጉት ይችሉ ነበር። ግን ማስረጃ አድርገው የጠቀሱት የእኔን ሥራ ነው። ያን ዕለት እንኳ ማረም እችል ነበር። አላረምኩም።

መሳፍንት በመተላለፊያው መምጣት ሲያቅተው በጫካ ሊገባ ሞከረ። በጥይት ተመትቶ ሞተ። ከየትኛው ወገን እንደተተኮሰ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም።

ለቅሶ ልደርስ ሽንፋ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ከዘመድ በቀር ሰው የለም። ጎረቤቶቻቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከአጥር ውጭ ቆመዋል፤ ጋሽ ይርዳው እንዳይገቡ ከልክለዋቸዋል።

«እነዚህን ታያቸዋለህ?» አሉኝ። «ፊት ለፊቴ ለእኔ አጨበጨቡ፤ ጀርባዬን ስሰጥ ደግሞ ይዘጋ ብለው አጨበጨቡ። በሬዲዮ ሰማኋቸው። አሁን አላጨበጨብንም ብለው ይምሉልኛል። አንተ እዚያው ነበርህ፤ እስቲ ንገረኝ ልጄ፣ አጨብጭበዋል?»

ከአጥር ውጭ ያሉት ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ለእጩው ማንም እንዳላጨበጨበ እነሱም እንደ እኔ ያውቁ ነበር። እውነቱን ይናገርልናል ብለው ተስፋ ያደረጉ መሰለኝ።

«አዎ» አልኩ።

የመጀመሪያውን ጥፋቴን የችኮላ ሥራ ብዬ ላባብለው እችል ይሆናል። ይህንንስ ምን እለዋለሁ? ልጁ ሞቶበት የተቀመጠ አባት ጠየቀኝ፤ እኔ ዓይኑን እያየሁ አዎ አልኩት። እኔ ነኝ ያልኩት። የቆረጠው ሌላ፣ የቀጠለው ሌላ የለም።

ጋሽ ይርዳው አሁንም ከጎረቤቶቻቸው ጋር አይነጋገሩም። ደቦ አይጠሩም፤ ቢጠሯቸውም አይሄዱም። ለእኔ ግን በዓል በመጣ ቁጥር ስልክ ይደውሉልኛል፤ እውነቱን የነገራቸው ሰው ነኝና።

ይህ ጽሑፍ ሌላ ሰው እጅ ሳይገባ ሽንፋ ሄጄ በአፌ እነግራቸዋለሁ። የምለውም ይህ ነው፦ ጋሼ፣ ካዱኝ ብለው ያባረሯቸው ሰዎች አልካዱዎትም፤ ጭብጨባውን ያዛወርኩት እኔ ነኝ። መሳፍንትን ሊያለቅሱ መጥተው ነበር። ይቅር ይበሉኝ ብዬ አለምንዎትም። እኔን እንደፈቀዱ ያድርጉኝ፤ አስቀድመው ግን እነሱን ያስገቧቸው።